የሰፈር ቲያትር አዘጋጅ መሆን ለምትፈልጉ፦ ከየት ይጀመራል፣ ሰው እንዴት ይያዛል፣ በምን ይኖራል

ቲያትር የሚወድ ሰው አብዛኛው ትወና ነው የሚያምረው፣ ዳይሬክተር ልሁን ብሎ የሚነሳ ጥቂት ነው። በሰፈር ደረጃ ደግሞ ብዙው አዘጋጅ የሚሆነው ሳያስበው ነው፣ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ልጅ፣ ሁሌ ቀድሞ የሚመጣው፣ ለቀሩት እየዞረ ስልክ የሚደውለው ልጅ በቃ አንድ ቀን "አዘጋጁ" ይባላል። ይሄን የምጽፈው ለዛ ልጅ ነው፣ ለሴቷም ጭምር፣ እንደውም ሴት አዘጋጅ ስትሆን የሚከፈት በር አለ፣ ወደታች እመጣበታለሁ። የማወራው ስለ ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች አይደለም፣ ስለ ወጣት ማዕከል፣ ስለ ቀበሌ አዳራሽ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክበብ፣ ስለ ገበያ ዳር ቲያትር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እንግባባ፣ የዚህ ስራ ትልቁ ሸክም ሰው መያዝ ነው። ደሞዝ የማትከፍሉትን፣ ከስራ ወይ ከትምህርት ደክሞ የሚመጣን ሰው፣ ለሁለት ለሦስት ወር በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማሰባሰብ ከቻላችሁ ሌላውን እየሰራችሁ ትማሩታላችሁ። እሱን ካልቻላችሁ ዲግሪ ቢኖራችሁም መድረኩ ባዶ ነው።

ከየት ይጀመራል

ትምህርት ላይ ብዙ አልቆይም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አለው፣ ጸጋዬ ገብረመድህን ነው በማቋቋሙ ስሙ የሚነሳው፣ መግባት የቻለ ይግባ፣ ይጠቅማል። ያልቻለ ደግሞ አይሸማቀቅ፣ ጸጋዬ ራሱ ገና አምቦ ተማሪ እያለ ነው ቲያትር ጽፎ ያሳየው።

በነጻ ወይም በትንሽ ብር የሚገኘው ትምህርት ማየት ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ብሔራዊም ሀገር ፍቅርም አንድ ቲያትር በሳምንት የራሱ ቀን ተይዞለት ለወራት ይታያል፣ ስለዚህ አንዱን ሁለት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ሳቁ አልቅሱ። በሁለተኛው የሚናገረውን ተዋናይ ተዉትና የማይናገረውን ብቻ ተመልከቱ፣ እጁ የት ነው፣ መቼ ነው ጀርባ የሰጠው፣ ሌላው ሲናገር ዝም ብሎ ቆሟል ወይስ እየሰማ ነው? የአዘጋጅ ስራ ያለው እዛ ጋ ነው፣ የሚናገረውን ሰውማ ደራሲው ረድቶታል። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ድራማም ይሁን የትምህርት መዝጊያ በዓል ምንም አትናቁ፣ መጥፎ ቲያትር እንደውም የበለጠ ያስተምራል ምክንያቱም የት ጋ እንደሰለቻችሁ በደንብ ታውቃላችሁ።

ከዛ ረዳት ሁኑ። ጽሁፉን ይዛችሁ ጥግ ተቀመጡ፣ ቃለ ተውኔት የጠፋበትን አስታውሱ፣ ማን ከየት ገብቶ በየት እንደወጣ በእርሳስ ጻፉ። አሰልቺ ነው ግን አንድ ሙሉ ስራ እንደዛ ያለፈ ሰው የራሱን ሲጀምር አይደናበርም።

ሰፈራችሁ ውስጥ ደግሞ የድሮ ሰዎችን ፈልጉ። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ድራማ፣ ግጥም፣ ጭውውት ይሰራ ነበር። እነዛ ሰዎች ዛሬ ሱቅ ያላቸው፣ አስተማሪ የሆኑ፣ ወረዳ የሚሰሩ ናቸው። ከበሮ ያለው ማን እንደሆነ፣ የትኛው አዳራሽ ድምጽ እንደሚበላ፣ የትኛው ሃላፊ ቲያትር እንደሚወድ እነሱ ያውቃሉ። ሀገር ፍቅር እራሱ እኮ በ1927 ዓ.ም. ሲጀመር ጣሊያን ሊወር ሲሰናዳ ህዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማህበር ነበር፣ አደባባይ ላይ ንግግርና ዘፈን እያቀረበ። የኛ ቲያትር ከህዝብ መሀል መነሳት አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ሰው

ምልመላውን ፈተና አታድርጉት። ወረቀት ሰጥቶ "አንብብ" ማለት ማንበብ የሚችለውን ብቻ ነው የሚለየው፣ ያው ጎበዝ ተማሪው ያልፋል ጎበዝ ተዋናዩ ይወድቃል። እኔ የምመክረው ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ነገር ስጧቸው፣ "ታክሲ ሰልፍ ላይ ናችሁ፣ አንዱ ከፊትህ ገባ" በሏቸውና ዝም በሉ። የሚያስቀውን አትፈልጉ፣ ሌላው የሚለውን ሰምቶ የሚመልሰውን ፈልጉ። የሚያስቀው ልጅ ለራሱ ነው የሚጫወተው፣ የሚሰማው ልጅ ሌላውን ያጫውታል።

ስድስት ገጸ ባህሪ ካላችሁ አስር ሰው ያዙ። አንዱ ማትሪክ ይደርስበታል፣ አንዷ አረብ ሀገር ትሄዳለች፣ አንዱ ስራ ያገኛል፣ አንዱ ያኮርፋል። ለዋና ዋናዎቹ ተለዋጭ ይኑራቸው፣ ተለዋጩም ቢያንስ አንድ ቀን መድረክ ላይ እንዲወጣ ቃል ግቡለትና ፈጽሙ፣ አለበለዚያ ወንበር ለማሟላት ማንም አይመጣም።

አሁን የሴቶቹ ጉዳይ። ብዙ ክበብ ውስጥ ሴት አትቆይም፣ ወንዶቹ "ሴቶች ቁም ነገር የላቸውም" ምናምን ይላሉ፣ ውሸት ነው፣ ቤት ሄዶ የጠየቀላቸው ሰው ስለሌለ ነው። ሂዱ። ጫማችሁን አስተካክላችሁ፣ ረዳታችሁን ይዛችሁ፣ በቀን ሂዱ። እናትየው በር ላይ ያቆሟችኋል፣ "ቲያትር ብላ ወጥታ ማታ ሦስት ሰዓት ብትመጣ ማንን ነው የምጠይቀው?" ይላሉ፣ ልክ ናቸው። "እትዬ፣ እኔን ይጠይቁኛል፣ ስልኬ ይሄው፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እንጨርሳለን፣ ከሰፈሯ ልጆች ጋር ነው የምትመለሰው፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ አትመጣም" ትላላችሁ። ያን ጊዜ "እስቲ ግቡ" ይባላል። አዘጋጇ ሴት ስትሆን ግን ጨዋታው ሌላ ነው፣ በር ላይ መቆም የለም፣ ቀጥታ ወደ ውስጥ፣ ቡናው ሳይፈላም ፈቃዱ ይገኛል። ሴት አዘጋጅ ከሌላችሁ ቢያንስ ረዳታችሁ ሴት ትሁን። እና አስራ ሁለት ሰዓት ካላችሁ አስራ ሁለት ሰዓት ነው፣ አንድ ቀን አሳልፋችሁ የሰፈሩ እናቶች ከተነጋገሩ አለቀላችሁ። ለምረቃው ቀን እናቶቹን ፊት ወንበር አስቀምጡ።

ጥናት ላይ በሰዓቱ ጀምሩ፣ ሦስት ሰው ብቻ ቢኖርም። የመጡትን እያስጠበቃችሁ ስለቀሩት ካማረራችሁ የምትቀጡት ታማኞቹን ነው። ሰውን በሰው ፊት አትዝለፉ፣ በነጻ የመጣ ልጅ ነገ ላለመምጣት ደብዳቤ አያስፈልገውም። ዳቦ በሻይ ካለ ግሩም ነው። ጾምን ቀድማችሁ በካላንደር እዩ፣ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ሲመጡ ከሰዓት በኋላ ሩጫና ዝላይ ያለበትን ትዕይንት ማጥናት ጭካኔ ነው፣ ያኔ ተቀምጣችሁ ንባብ ስሩ፣ ሙስሊሞቹ ልጆች ለማፍጠሪያ ቤታቸው እንዲደርሱ አድርጋችሁ ልቀቁ።

ጽሁፉ

ያላችሁን ሰው አይታችሁ ጽሁፍ ምረጡ እንጂ ጽሁፍ አፍቅራችሁ ሰው አትፈልጉ። አራት ሴትና ሁለት ወንድ ካላችሁ የንጉሥና የጦር አዛዥ ቲያትር ምን ያደርግላችኋል?

የታወቀ ደራሲ ስራ ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ደራሲው በህይወት እስካለ ብቻ ሳይሆን ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱ ከወራሾቹ ጋር ነው። ብዙ ደራሲ በደንብ ከተጠየቀ ለሰፈር ልጆች ይፈቅዳል፣ የሚናደደው ሳይነገረው ሲሰማ ነው። ፈቃዱን በጽሁፍ ተቀበሉ።

ራሳችሁ ከሰፈሩ ታሪክ ተነስታችሁ ስትሰሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሁሉ ሰው ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ "የነ እከሌ ቤት ነገር ነው" ከተባለ ቲያትሩ ወሬ ይሆናል፣ አንድ ቤተሰብም ይጎዳል። የሰውየውን ስራ ቀይሩ፣ የልጆቹን ቁጥር ቀይሩ፣ ሁለት ሦስት ታሪክ ቀላቅሉ። አሁን የምለው ደግሞ የኔ ጭፍን ጥላቻ ሊሆን ይችላል ግን እለዋለሁ፣ እባካችሁ እውነቱን ሁሉ የሚናገረውን እብድና ሰካራም አሳርፉት፣ በየቲያትሩ ደክሞታል። የገጠር ሰው አነጋገር እያስመሰሉ ማሳቅም ይቅር፣ ተመልካቻችሁ ውስጥ ትናንት ከገጠር የመጣ አለ። እና በመጨረሻ ነጭ ጋውን ለብሶ ወጥቶ ምክር የሚሰጠውን ዶክተር ቁረጡት፣ ሰው ጫማውን መፈለግ የሚጀምረው እዛ ጋ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በታች፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ባይሞላ ይመረጣል። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ በንጹህ አማርኛ ብቻ እንጫወት አትበሉ፣ ተመልካቹ ራሱ አማርኛ ኦሮምኛ ሶማሊኛ ቀላቅሎ ነው የሚያወራው፣ ገጸ ባህሪዎቹም እንደሱ ያውሩ።

ጽሁፉን ለወረዳው ባህል ጽህፈት ቤት ስታስገቡ በንጹህ ታይፕ የተደረገ ኮፒ ከአንድ ገጽ ማጠቃለያ ጋር ስጡ፣ የሚያነብላችሁ ሰው ማጠቃለያዋን ነው መጀመሪያ የሚያየው። በእጃችሁ የሚቀረው ኮፒ ላይም ገቢ ተብሎ ማህተም ይደረግበት፣ ሃላፊ ይቀየራል ማህተም አይቀየርም።

ጥናት

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተቀምጣችሁ አንብቡ፣ ማን ከማን ምን እንደሚፈልግ ተጨቃጨቁ። "ተቆጣ" "አልቅሺ" ብላችሁ አታዙ፣ "እዚህ ጋ ከሱ ምንድን ነው የምትፈልጊው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዛ ተነስታችሁ እንቅስቃሴ፣ ከዛ ወረቀት የሚቀመጥበት ቀን ይቆረጣል። ያ ቀን ሲደርስ ሁሉም ይንተባተባል፣ አትደንግጡ።

ድምጽ ላይ ግን አልደራደርም። ሞንታርቦ ተከራይቶ አንድ ማይክ እየተቀባበሉ መጫወት የሰፈር ቲያትርን እንደሚገድለው ያህል ምንም አይገድለውም፣ ሰውዬው ሚስቱን እየተጣላ ማይኩን ያቀብላታል! ሞንታርቦውን ለሙዚቃና ለማስታወቂያ ተዉት። ተዋናዮቹ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ለተቀመጠው ሰው እንዲናገሩ ከመጀመሪያው ቀን አለማምዷቸው፣ እናንተም እዛው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ አጥኑ። መብራትን በተመለከተ አጭር ነው፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሳዩ፣ ቢሄድም ባይሄድም ግድ አይሰጣችሁም።

ህዝቡን ማስገባት

ይሄኛው የምወደው ክፍል ስለሆነ ይርዘም። ኦገስቶ ቦአል የሚባል ብራዚላዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፎረም ቲያትር የሚባለውን አመጣ፣ ነገሩ የተጀመረው ፔሩ ውስጥ ነው፣ አንዲት ተመልካች በአንድ የባልና ሚስት ታሪክ ላይ ተዋናዮቹ የሚያሳዩት መፍትሄ አልዋጥ ሲላት "እንግዲያው ነይ አሳይን" ተባለች፣ መድረክ ላይ ወጥታ ባልየውን የሚጫወተውን ተዋናይ በመጥረጊያ ወገረችው። ለኛ ይሄ ሩቅ አይደለም። በድሮው ሙግት "በላ ልበልሃ" ሲባባሉ ቆሞ የሚያይ፣ የሚፈርድ፣ ጣልቃ የሚገባ ህዝብ የነበረበት ሀገር ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ወደ አረብ ሀገር ልትሄድ የተነሳች ልጅ አለች እንበል። ደላላው ቤት መጥቶ አባትየውን እያግባባ ነው፣ ፓስፖርቷ የደላላው ኪስ ውስጥ ነው፣ ልጅቷ ጥግ ቆማለች። ምንም ሳትጠይቅ ትፈርማለች፣ ትሄዳለች፣ ደሞዟን ትከለከላለች፣ ያልቃል። እስከ መጨረሻ አሳይታችሁ አንድ ሰው ይወጣል፣ ቦአል ጆከር ይለዋል፣ "አሁን ከመጀመሪያው እንደግማለን፣ ልጅቷ ሌላ ነገር ማድረግ ትችል ነበር የምትሉበት ጋ 'ቁም' በሉና በሷ ቦታ ገብታችሁ ተጫወቱ" ይላል። መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል፣ ያስፈራል፣ ጆከሩ ዝምታውን በወሬ እንዳይሞላው። ከዛ ልጆች ይስቃሉ፣ ከዛ አንድ ሰው ይነሳል።

አንድ እንዲህ አይነት ትዕይንት ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ተነስተው ገቡ፣ እጃቸውን ደላላው ፊት ዘርግተው "ፓስፖርቱን መጀመሪያ እዚህ" አሉት። ደላላውን የሚጫወተው ልጅ ያጠናውን ቃል ብቻ ይዞ ስለመጣ ወደ አዘጋጁ ዞሮ ያያል። እሳቸው ወደ አባትየው ዞረው "አንተስ? ስንት ተቀበልክ?" ሲሉ ሜዳው በሳቅ ሊፈርስ ነው፣ አባትየው ግን አልሳቀም፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ያንን ማንም አላስጠናውም። ከዚህ የምትወስዱት ለጥናት ነው፣ ደላላውን ለብቻው አጥኑት፣ ቶሎ እሺ እንዳይል፣ ጨርሶም ግድግዳ እንዳይሆን፣ ተመልካቹ ጥሩ ሀሳብ ሲያመጣ ትንሽ የሚሸነፍ፣ ከዛ ሌላ ዘዴ የሚፈልግ መሆን አለበት። ጆከሩ ደግሞ "ልክ ነው" "ስህተት ነው" አይልም፣ "ይሄ በኛ ሰፈር ይሆናል?" ብቻ ይላል።

እንዲህ አይነቱን ስትሰሩ ከወረዳው ስራና ክህሎት ጽህፈት ቤት አንድ ባለሙያ ጋብዙ፣ ንግግር እንዲያደርግ ሳይሆን ሲጠየቅ እንዲመልስ። ህዝቡ ያለውንም የሚጽፍ ሰው መድቡ። ቦአል በኋላ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ምክር ቤት ተመርጦ በዚህ መንገድ ከህዝብ የተሰበሰበ ሀሳብ 13 ህግ ሆኖ ወጥቷል። እናንተ ህግ ባታወጡም ሁለት ገጽ ጽፋችሁ ለወረዳው ማስገባት ትችላላችሁ።

አዳራሽ፣ እድር፣ ገንዘብ

የቀበሌ አዳራሽ በስብሰባ ይነጠቃል፣ ይሄ የሚያስገርም ነገር አይደለም፣ ሁለተኛ ቦታ ሁሌ ይኑራችሁ። እድር ዘንድ ሂዱ፣ ድንኳንና አግዳሚ ያለው እነሱ ጋ ነው፣ ለዳኛውና ለጸሐፊው አስረዱ፣ የወሰዳችሁትን ቆጥራችሁ ጠርጋችሁ መልሱ። በምታሳዩበት ቀን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ተውት፣ ክርክር የለውም፣ ድንኳኑም አይኖርም ሰውም አይመጣም፣ ቢመጣም አያምርም። ተዋናዮቻችሁን ይዛችሁ ለቅሶ ድረሱ።

መኖሪያን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሰፈር ቲያትር አዘጋጅነት ብቻ የሚኖር ሰው አላውቅም። ሰዎቹ የሚኖሩት በመደባለቅ ነው፣ አስተማሪ ሆኖ የትምህርት ቤት ክበብ መያዝ፣ የግል ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ቀንና ለመዝጊያ በዓል ልጆች የሚያስጠና ሰው ሲፈልጉ መስራት፣ የሬዲዮ ድራማ፣ ሰርግ ላይ መድረክ መምራት፣ ፊልም ላይ ረዳት ዳይሬክተርነት። ፊልሙና ቲክቶኩ ተዋናዮቻችሁን ይወስዱባችኋል፣ አትጣሉ፣ የሄደ ልጅ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሰፈሩን ሁሉ ለቲያትራችሁ ይጠራላችኋል።

የተሻለው ብር ያለው መንግስታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ጋ ነው፣ ለጤና፣ ለስደት፣ ለጥቃት መከላከል ቲያትር ይፈልጋሉ። ጉዳዩ ግን እነሱ ከግለሰብ ጋር አይዋዋሉም፣ መደራጀት አለባችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ ሲቪል ማህበር መመዝገብ ይቻላል፣ በኢንተርፕራይዝ የተደራጁም አሉ፣ ሁለቱን አወዳድራችሁ ግቡ ምክንያቱም ግብሩም ሪፖርቱም ይለያያል። ፕሮፖዛል ስትጽፉ የጥናት ጊዜውን በጀት ውስጥ አስገቡ፣ አብዛኛው ሰው የሚታይበትን ቀን ብቻ አስልቶ የሁለት ወር ትራንስፖርትና ሻይ ከኪሱ ይወጣል። ህጋዊ ደረሰኝ ይጠየቃል፣ ጉሊት ላይ ዳቦ የምትሸጥላችሁ እናት ደረሰኝ የላትም፣ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ያለ ደረሰኝ የሚወጣው በምን እንደሚወራረድ ጠይቁ። ጽሁፉ ውስጥ "ይሄ መልዕክት ይግባ" ሲሏችሁ ደግሞ መልዕክቱን ተቀበሉ፣ በማን አፍና እንዴት እንደሚነገር ግን የናንተ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ያ ጋውን የለበሰው ዶክተር ተመልሶ ይመጣል።

ክበብ የሚፈርሰው በብር ነው። የገባውንና የወጣውን ሁሉም እያየ ጻፉ፣ ባንኩን በሁለት ፊርማ አድርጉት፣ አበል ካለ ስሙን ጽፎ የፈረመ ይውሰድ፣ አዘጋጁ ስንት እንደወሰደም እዛው ወረቀት ላይ ይታይ። ካሳያችሁ በኋላ በሳምንት ውስጥ ሪፖርትና ፎቶ አስገቡ፣ የተመልካቹን ብዛት አታጋንኑ፣ ፎቶው ያጋልጣችኋል። ከወረዳው የሚገኝ ነገር ካለ ደግሞ የመንግስት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር እቅዳችሁን ቀደም ብላችሁ፣ ግንቦት አካባቢ አስገቡ፣ መስከረም ላይ አዲስ ዓመት ብሎ ደብዳቤ ይዞ የሄደ ሰው "ለዘንድሮ ታቅዶ አልቋል" ተብሎ ነው የሚመለሰው።